በሙሉ ጭነት

ክርር፣ ክርር ይልና ሞተሩ ይነሳል። መጀመሪያ እንቅልፉን እንዳልጠገበ ሰው ያጉረመርማል፤ ቀስ በቀስ ድምፁ እየለሰለሰ፣ እየተስተካከለ ይሄዳል። መኪናዋን ገና አላየኋትም። መካኒኩ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሮኛል፤ እሱም አጠገቤ ግንብ ግንቡን እያየ ቆሟል።

«ዓይን ቀለም አይቶ ይሸነፋል» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጀመሪያ ጆሮ ይፍረድ።»

ሰፈሩ ሐኪም ይለዋል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው እሱን ሳያስከትል ከቤቱ አይወጣም።

«ምን አጥፍታችሁ ተቀጣችሁ?» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላችን ይመጣል። ባለመኪናዋ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት።

«ጥፋተኛው እሱ ነው እትዬ። ሰባት ነፍስ ይዞ በቁራጭ መኪና የሚዞር እሱ» ይላል ሐኪሙ።

አልዋሸም። ከአምስቱ ልጆች ሁለቱ የእኔ ናቸው፣ ሦስቱ የእህቴ። እህቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ቤት ሆነናል፤ መኪናዬ ግን አብራን አላደገችም። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴን ሥራ፣ ትንንሾቹን ትምህርት ቤት አደርስና ለትልቋ እመለሳለሁ። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ሞልቷታል። ደብተሯን አቅፋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌም ያመልጣታል። አንድም ቀን አላማረረችም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

«ዙር» ይለኛል ሐኪሙ።

እዞራለሁ። መኪናዋ ግራጫ ናት፣ ከፍ ያለች፣ በቀኝ ጎኗ ረጅም ጭረት ያለባት። ባለቤቴና ልጆቹ የግቢው በር ጋ ተደርድረው ይስቁብናል። ሐኪሙ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል መምህርቷ ከመሪው ይወርዳሉ።

«ከመድከምህ በፊት ልንገርህ ልጄ። የኋላው የግራ መስኮት አይወርድም። ጠዋት ብርድ ሲሆን የሞተሩ ቺንጋ ይጮሃል። ጭረቱ የእኔ ነው፤ ከግቢዬ በር ጋር ተጣልተን። በሩ ምንም አልሆነም።»

ሐኪሙ ቅር ይለዋል። «ለእኔም ትንሽ ይተዉልኝ እንጂ እትዬ። ምን ልፈልግ ነው የመጣሁት?»

ባለቤቴ ጠጋ ትለኛለች። «አልወደድኩትም» ትላለች በጆሮዬ። «ትንንሹን ሳይጠየቅ የሚዘረዝር ሰው ትልቁን ደብቋል።»

እኔም ያው ጠርጥሬያለሁ። ገበያ ላይ እውነት ስንሰማ የምንደነግጥ ሰዎች ነን።

ሐኪሙ ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጆቹ ሳይነገራቸው ጸጥ ይላሉ። እሱ ጆሮውን ተክሎ ሳለ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወጥቼ ሜትሬን እዘረጋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የትልቋን ልክ ሳልጽፈው አውቀዋለሁ፤ ዘንድሮ ብቻ የደንብ ልብሷን ጫፍ ሁለቴ ፈትቼ አርዝሜዋለሁ።

«እዚያ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?» ይላል ሐኪሙ።

«የጉልበት ቦታ እለካለሁ።»

«ሱሪ ልትሰፋላት መስሎኝ።»

«ተወው» ትላለች ባለቤቴ። «እኔንም ያጨኝ በሜትር ነው።»

መምህርቷ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። እለካለሁ፣ ደግሜ እለካለሁ። ከትልቋ ጉልበት አራት ጣት ይተርፋል። ሜትሬን እየጠቀለልኩ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ።

ሐኪሙ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ይገባል፤ ከዚያ የሚታዩት ጫማዎቹ ብቻ ናቸው። ቆይቶ ይወጣና ጀርባውን ያራግፋል። የጭሱን ቀለም ያያል፤ ዘይቱን በጣቶቹ መሃል ያሻል፤ አራቱንም ጎማ በእርግጫ ይመታል።

«ውሸት አጣሁባቸው» ይለኛል፣ ያዘነ ይመስላል። «የነገሩን ብቻ ነው ያለባት።» ከዚያ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «ግን ባዶዋን ሁሉም መኪና ታምራለች። ይቺን የደጁን ዳገት በሙሉ ጭነት ካልወጣች ሰባቱ ወንበር ለጌጥ ነው። ግቡ ሁላችሁም።»

ልጆቹ ለዚህ ነበር የቆሙት። መንትዮቹ የእህቴ ልጆች በመስኮት ጥግ ይጣላሉ፤ የእኔ ሴቷ ትገላግላለች፤ የእኔ ማሙሽ በባለቤቴ ክንድ ሥር ሾልኮ ይገባል። ትልቋ መጨረሻ ላይ ወደ ኋለኛው ረድፍ ታልፍና ትቀመጣለች። ጉልበቷን ዘወር ብዬ አያለሁ፤ የፊቱን ወንበር አልነካም። ሐኪሙ መሪውን ይይዛል። እኔ የጋቢናውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አስገብቻለሁ።

የኋላው በር ሲከፈት የሰማሁት ያኔ ነው።

ትልቋ ወርዳለች። ማንም ውረጂ አላላትም። በሩን ለመኪናዋ እንደሳሳች ሁሉ በሁለት እጇ በቀስታ ትዘጋና መምህርቷ ጎን ትቆማለች።

«ስምንት ሆንን እኮ» ትላለች ፈገግ ብላ። «እናንተ ሂዱ። እኔ እጠብቃለሁ።»

መንትዮቹ መጣላታቸውን ያቆማሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ ታያለች፤ እኔ ወዴት እንደምመለከት አላውቅም። ሐኪሙ በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷን ያያታል። ረዘም አድርጎ ያያታል። ሞተሩ በለሆሳስ ይሠራል።

ከዚያ ይወርዳል። ቁልፉን አይነካም። በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ይመጣና የኋላውን በር ይከፍትላታል። እሷ ታመነታለች፤ እሱ በሩን እንደያዘ ይቆማል። ትገባለች።

ለእኔ በአገጩ መሪውን ያሳየኛል። ዞሬ ስቀመጥ ወንበሩ በእሱ ልክ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እሱን እስካስተካክል ከኋላዬ የትልቋ ቀበቶ ቀጭ ይላል።

«ሐኪም፣ ወዴት ነው?» ይላሉ መምህርቷ። «ዳገቱስ?»

ካቻቢቴውን በጨርቅ ይወለውልና ደረት ኪሱ ውስጥ ይሰካዋል። «ጭነቱ ሞልቷል፣ እትዬ» ይላል። እጁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይዞር፣ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ይሄዳል።