የሚታከመው ማን ነው?

ወንድሜ ምንተስኖት የፋርማሲውን የመስኮት መስታወት የሰበረው፣ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰድበው መስሎት ነው። ያየው ሰው ደግሞ የራሱ መልክ ነበር። ይኼንን ለፖሊስ ጣቢያው ሳጅን ከጠዋት ጀምሮ ብነግረው፣ ብነግረው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

«አሞታል እኮ! እስር ቤት ከምትልኩት ጤና ጣቢያ ውሰዱልኝ!»

«ስንጠይቀው ደህና ነኝ ይላል። በግድ ላሳክመው እንዴ? ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

እሱ ብሎ ደህና! ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሊቀድስ የተዘጋጀ ዲያቆን መስሎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ምንቴ፣ በናትህ፣ አሞኛል በላቸው» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ ተረባርበን እቺን አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት አቅቶናል።

ሳጅኑ ጩኸቴ ሲሰለቸው ጤና ጣቢያ ደወለ። ነርሷ ስትገባ እኔ አንድ ጫማዬ ወልቆ፣ ነጠላዬ መሬት ወድቆ፣ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነበር። ቀጥ ብላ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይዞሽ የኔ እህት፣ ነይ እንሂድ። ማንም አይነካሽም።»

«እኔ? እኔ እብድ እመስላለሁ?» ብዬ አምባረቅኩ።

«ኧረ አልወጣኝም» አለችና ይበልጥ ጠበቅ አደረገችኝ። ሳጅኑ ሳቁን በኮፍያው ሸፈነ።

ይኼኔ ምንተስኖት ከአግዳሚው ተነስቶ የነርሷን እጅ ከክንዴ ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀ።

«እሷ እህቴ ናት» አላት። «የታመምኩት እኔ ነኝ።»