አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው

«እንደገና» አለቻት ልጇ፤ ስልኳን ከመስኮቱ ጠርዝ አንስታ ቀረጻውን አጠፋችው። «እማ፣ እንዲህ ቶሎ እሺ አትበይኝ። አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው። ትምህርት ቤት መምጣት አቁመሻል። እኔ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። አታውቂኝም፤ አታምኚኝም።»

«ነገ እመለሳለሁ አልኩሽ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

«እሱ ነው ፈተናውን የሚጥለኝ።»

«እንድታልፊ ብዬ ነው እንጂ እልኸኛ መሆን አቅቶኝ መሰለሽ?»

«ለእልኸኝነትማ ማን ይችልሻል።»

እናት ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። የወጥ ቤቱ ወንበሮች ፊት ለፊት አልተቀመጡም፤ ልጇ በተማረችው መሠረት ትንሽ ወደ ጎን አዙራቸዋለች። ልጅ ዓይን ለዓይን ሲያፈጡበት ይሸሻል አለች። ነገ ጠዋት ፈታኟ ባለችበት እንዲሁ ከአንድ ተማሪ ጋር ትቀመጣለች። የሁለተኛ ዲግሪዋ የተግባር ፈተና ነው። ባለፈው ወድቃለች፤ ነገም ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

የወደቀችበት ምክንያት እስከ ዛሬ ለእናት አልዋጥ ብሏታል። «ምክር ልትማሪ ገብተሽ፣ ምክር አበዛሽ ብለው ይጥሉሻል? የጉድ አገር» ብላ ነበር ያን ጊዜ። ልጇ አልሳቀችም። ተማሪው ዝም ሲል መታገሥ አትችልም፤ ዝምታውን በምክር ትሞላዋለች። ፈታኟ ያለቻት ይህንኑ ነው። እናት አመሉ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ከጡት ጋር ነው የጠባችው።

«መሸ እኮ» አለች እናት ወደ መስኮቱ እያየች።

«አይዞሽ፣ ትምህርትሽ ሳይደርስ እንጨርሳለን።»

እናት ዓይኗን ከመስኮቱ ወደ በሩ መለሰች። ለጎልማሶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት የምትይዘው ቦርሳ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሰሞኑን በየምሽቱ አንጠልጥላው ትወጣለች። የመንገዱን መታጠፊያ ስታልፍ ግን ወደ ትምህርቱ አትሄድም፤ ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ ጋ ገብታ፣ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣ ክፍሉ እስኪበተን ትጠብቃለች። ልጇ አታውቅም።

ልጇ ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ፤ ዝቅ፣ ለስለስ አለ።

«ሰሞኑን ክፍል ውስጥ አላየሁሽም።»

እናት ክው አለች። ጨዋታ መሆኑ ትዝ ያላት ቆይታ ነው።

«አልሄድም» አለች።

«መሄድ አትፈልጊም።»

«ትምህርቱ የትም አይሸሽም።» እንደ ልጅ እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። ልጇን ሳቅ አፈናት፤ ዋጥ አደረገችው።

«መምጣት ያቆምሽ ቀን ምን ተፈጥሮ ነበር?»

እናት የተዘጋጀችበት መልስ ነበራት። ራሴን አሞኝ፤ ካልሆነ ጓደኛዬ አኩርፋኝ። አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«አስተማሪው አንብቢ አለኝ። ቤት ውስጥ አንብበውልኝ ስለነበር እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ። ተነሣሁና ጣቴን መስመሩ ላይ እየጎተትኩ አነበነብኩት። ሳልደናቀፍ ስለሄደልኝ ደስ አለኝ፤ ቀጠልኩ። ለካ ገጹ አልቋል። እኔ ወረቀቱን ሳልገልጥ የሚቀጥለውን ገጽ እያነበብኩ ነው።»

ልጇ አንገቷን ነቀነቀች፤ ቀጥይ እንደማለት።

«ሁሉም ሳቁ። አስተማሪው ክፉ አይደለም። ‹ይግለጡት እንጂ፣ እናቴ› ነው ያለኝ።»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፏን ያዘች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንቱ የሚል አስተማሪ የለም።

የልጇ ዓይን በሩ ጀርባ ወዳለው ቦርሳ ሄዶ ተመለሰ። እነዚያን ገጾች ቤት ያነበበችላት እሷ ራሷ ናት፤ በየማታው፣ እየተቻኮለች፣ አንድ ዓይኗን የራሷ መጽሐፍ ላይ ጥላ። ከንፈሯ ተከፈተ። እናት የሚመጣውን ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ ምን አለበት፣ ሰው አይደለሽ እንዴ፣ ተነሺ አሁኑኑ፣ እኔ እሸኝሻለሁ። እሷ በልጇ ቦታ ብትሆን የምትለው ነው።

የልጇ ከንፈር ተዘጋ። ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው፤ ትንሽ ሆና እንግዳ ቤት «አትንኪ» ስትባል ታደርግ እንደነበረው።

ማቀዝቀዣው አጓርቶ ፀጥ አለ። በደረጃው የሰው ኮቴ ወጣ፤ አለፈ። እናት የሹራቧን ጫፍ ጠቀለለች፤ ፈታች። በቃ ስልኩን አጥፊው ልትላት ፈለገች። ነገ ፈተናው ላይ የምትቀመጠው ተማሪም እንዲሁ ብትላትስ ብላ ተወችው።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ለራሷም አንሶ ተሰማት። «አማካሪዋ አንቺ አይደለሽ?»

ልጇ እጆቿን ከጭኗ ሥር አላወጣችም። ፊቷንም አላዞረችም፤ ዓይኗ እናቷ ላይ እንዳለ ነው።

ውጭ የመንገድ መብራቱ በራ። የትምህርቱ ሰዓት መድረሱን ሁለቱም ያውቃሉ።

እናት ተነሣችና ቦርሳውን አወረደች። በሩን አልከፈተችም። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ መጽሐፉን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጣት ያሳደፈው፣ ጥጉ የተጨማደደው ያ ገጽ በራሱ ተከፈተ።

ጥጉን ይዛ ቀስ ብላ ገለጠችው።

አዲሱ ገጽ ንጹሕ ነበር። ምን እንደሚል ታውቃለች፤ አይታው ግን አታውቅም። ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። ልጇ አሁንም እጆቿ ላይ ተቀምጣለች።