ጫማ የሚወለቅበት ቤት

ፎቶ አንሺው ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባ። ከጥያ ማዶ ያለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ታቦቱ ወደ አዲሱ ሕንጻ ከሄደ ወዲህ ተዘግቶ ነበር። እሱ ግን ከመስከረም 1964 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ ከቡታጅራ እየመጣ ውስጡን ያነሳል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንዲያነሳ፣ አቧራው ላይ የቀረውን ያለፈ ወር ዱካውን እየፈለገ እዚያው ላይ ይቆማል።

ዛሬም ዱካውን አገኘው። እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ግን ከጣቶቹ ምልክት ትይዩ ሌሎች ጣቶች አየ። የባዶ እግር ዱካ ከመቅደሱ መጋረጃ ሥር ወጥቶ፣ እሱ ከቆመበት ፊት ለፊት ቆሞ፣ ወደ መጋረጃው ተመልሷል።

«አባ!» ሲል ተጣራ። «ከእኔ ሌላ ሰው አስገብተዋል?»

«ማንን አስገባለሁ? ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድ» አሉ ጠባቂው ሽማግሌ ከደጅ። «መጀመሪያ የመጣህ ለት ታቦት የለበትም፣ ከነጫማህ ግባ ብዬህ ነበር። ጫማ የሚወለቀው ባለቤት ላለው ቤት ነው። አንተ በየወሩ እያወለቅህ ስትገባ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚል ቢመጣስ?»

ነፋስ አልነበረም፤ መጋረጃው ግን ተወዛወዘ። ፎቶ አንሺው ጀርባውን ሊሰጠው አልደፈረም። ዓይኑን ሳይነቅል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የኋሊት ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ዞረህ ውጣ!» ብለው ጮኹ። «እንደ ታቦት እየተሳለምከው ነው!»