የጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ጥልቅ ስጋት

ሌታ በዚያ ሳምንት ከምንም በላይ የተመኘው አምቦ መሄድን ነበር። የጎጆ ከተማ ተማሪዎች የቀጣናው አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሆነው ጉባኤ ሊቀመጡ ነው፤ ልቆ የተገኘው አምቦ ሄዶ ይወዳደራል።

ዕጣ ሲወጣ ሊቀመንበርነቱ ለሌታ ደረሰ። መቲ የኡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች፤ አፍ አላት ወይ የምትባለው ኤቢሴ ደግሞ የሶማሊያ። መምህር ንዋይ ደንቡን አስረዱ። ውሳኔ የሚያልፈው ሁሉም ሲስማማ ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ ይወድቃል።

ከዚያ ወዲህ ኤቢሴ በእረፍት ሰዓት ከአንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ሌላው መመላለስ አበዛች። ወሬ ስትጀምር የአጎቷ ልጅ ጋሮማ ብቅ ካለ ዝም ትላለች። ጋሮማ የሌታ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከቤት ትምህርት ቤት የሚያመላልሳትም እሱ ነው። ለሌታ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። ልጅቱ ከጀርባው ድጋፍ እያሰባሰበች ነው፤ ጋሮማ እንዳይነግርባት ትፈራለች።

በጉባኤው ቀን ጋሮማ ከፊት ተቀመጠ። ኤቢሴ ተራዋ ሲደርስ ባዶ እጇን ተነሳች።

«አንዲት ስደተኛ አለች» አለች። «ከቅዳሜ በፊት አንዳችሁ በራችሁን ክፈቱላት። ሌላ አልጠይቅም።»

ድምጿ ተቆራረጠ፤ እንባዋ ወረደ። መምህር ንዋይ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌታ የመምህሩን ፊት አየ። በለቅሶ አምቦን ልትነጥቀው ነው።

መቲ እጇን አወጣች። «ኦቦ ሊቀመንበር፣ ኡጋንዳ ዛሬውኑ ትቀበላታለች።»

ኤቢሴ ዞር ብላ አየቻት። «እውነትሽን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሌታ ፋታ አልሰጣትም።

«ይህ የአንድ አገር የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ጣልቃ አንገባም። እቃወማለሁ።»

ሐሳቡ ወደቀ። በምትኩ ክቡራን ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጥልቅ ስጋታቸውን በሙሉ ድምፅ ገለጹና ተጨበጨበላቸው። ጋሮማ ቆሞ አጨበጨበ።

መምህር ንዋይ መሪዎች የሚተባበሩት እንዲህ ነው ብለው ሌታን አመሰገኑ፤ አምቦ የሚሄደውም እሱ ሆነ። ኤቢሴ ጋሮማ መጥቶ ተነሽ እስኪላት ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። ሌታ መሸነፍ ከብዷት ነው ብሎ ትንሽ አዘነላት።

ሰኞ ጠዋት የኤቢሴ አጎት፣ የጋሮማ አባት፣ የመማሪያ መጽሐፎቿን ይዞ መጥቶ ለትምህርት ቤቱ መለሰ፤ ቅዳሜ ድሯታል።