የሸቤዋ እንስራ

ከእጅ ሥራ ኤግዚቢሽኑ ዳኞች አንዷ የጅማው ሹም ባለቤት ነበሩ። በአንድ ክንዳቸው ሕፃን ልጃቸውን እንዳቀፉ በሌላው እጃቸው እንስራውን ከአንገቱ እስከ ሆዱ ዳበሱት። «ጅማ እንዲህ ያለ እጅ አላት እንዴ? በቃ፣ አንደኛ ይሄ ነው! ሠሪዋን ጥሩልኝ!» እንስራውን ከሸቤ ድረስ አዝላ የመጣችው ሴት ይህን ከበሩ ጀርባ ሰምታ በደስታ ገባች።

እሜቴ አዩዋት። ወዲያው እጃቸውን ከእንስራው አንሥተው ነጠላቸውን ሕፃኑ ፊት ላይ ጣል አደረጉ። ከነጠላው ሥር ሕፃኑ ሲስል ተሰማ፤ ደረቅ፣ የሰነበተ ሳል። ሴትዮዋ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። አምና የጎረቤት ልጅ ሲታመም «ሸክላ ሠሪዋ በዓይኗ በልታው ነው» ብለው የመንደሩ ሰዎች የእህቷን ጎጆ ሲያቃጥሉት ቆማ አይታለች።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

ጭቃ የገባባቸውን ጥፍሮቿን መቀነቷ ውስጥ ሸሸገች። «ኧረ እኔስ ተሸካሚ ነኝ፣ እሜቴ። የሠራችው ሞታለች።»

እሜቴ እፎይ ብለው ነጠላውን ከሕፃኑ ፊት ገለጥ አደረጉት። «አይ፣ ያሳዝናል! ነፍሷን ይማር።»

«አሜን» አለች።