ግዝት ፈቺው

«እንግዲህ ተቀምጠናል!» ሲል የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ በጠረፏ ከተማ ኮኪት ባለው ቤቱ እንደ ስብሰባ ከፋች አወጀ። ለሰሊጥ አጨዳ የመጣው ጎጃሜ ሁለት ዶሮ ከፍሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ። የነፍስ አባቱ «በሚካኤል ማጭድ ብትይዝ ጣትህ አይታጠፍ» ብለው ገዝተውት ነበር፤ ባለፈው ሚካኤል የቀበሌው ካድሬ አስገድዶ ሰሊጥ ሲያሳጭደው ጣቶቹ እንደተገተሩ ቀሩ። ክታብ ከሚጽፈው የሱዳን ፈቂ ይልቅ ድሬሰሩን የመረጠው በውይይት ክበብ «እግዜር የለም» ሲል ሰምቶት ነው።

«ግዝት የለም፤ ያለው ፍርሃት ነው። ዛሬም ሚካኤል ነው፤ በል ማጭዱን ያዝ» አለ ድሬሰሩ መሬት ላይ ያኖረውን ማጭድ እያሳየው።

«እስቲ እርስዎ ይቅደሙ፣ ጌታው።»

ድሬሰሩ ሳቀ። ወደ በሩ አየት አደረገና አማተበ። ዓይኑን ጨፍኖ ማጭዱን አነሳ።

«ኧረ ይተዉት፣ ልጆች አሉዎት!» አለ አጫጁ አዝኖለት፤ ማጭዱንም ከእጁ ቀማው።

ከዚያ ሁለቱም ማጭዱ ላይ የታጠፉትን የአጫጁን ጣቶች አዩ።