ጥዝዝ የምትለው

ሰበታ፣ ከጅማው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ያለው ቧንቧ አንድ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ባለሱቁ ዲኖ ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። በሌላው በኩል አዴ ተረፈች አሉ፣ ብቻቸውን። በመሃል ያለችው ቆርቆሮ ናት፤ ወዲህ ሲያስነጥሱ ከወዲያ «ይማርህ» የሚባልባት።

ውሃው የሚመጣው ሲፈልግ ነው። የሚፈልገው ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ትንሽ ወርዶ ይሄዳል። እሁድ የትልቋ ልጅ የሩዋይዳ ኒካህ ነው፤ በርሜሉ ግን ባዶውን ቁጭ ብሏል።

«አታስቡ» አለች ታናሿ ሬሐና።

ሬሐና ኮሌጅ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች። አልጋዋ ስር ያለው ካርቶን የገመድ ዘር ሁሉ ያለበት ነው። ከዚያ ውስጥ ትንሽ ቦርድ አወጣች፤ ሳንቲም የምታክል ፒዬዞ ስፒከር አሰረችባት፤ ሁለት ሽቦ ቧንቧው አፍ ላይ አንጠለጠለች፤ ቦርዷን በስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ሰካቻት። ውሃ ሽቦዎቹን ሲነካ ስፒከሯ ትጮሃለች። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ስትሞክራት የጎረቤት ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ።

«ማሻ አላህ» አለ ዲኖ። «ካልሠራች ግን ይሄን ካርቶን እንዳለ ለቁራሌው ነው የምሰጠው። ሰማሽ?»

ሰምታለች። ቁራሌው እንደሆነ ጠዋት ጠዋት በበራቸው ሳይጣራ አያልፍም።

በማግስቱ ሬሐና ስትነሳ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው መጥቶ ሄዷል። ስፒከሯ ትንፍሽ አላለችም። የአዴ ተረፈች ጀሪካኖች ግን በራቸው ላይ ተሰልፈዋል፤ እስከ አፍ ገደፋቸው ሞልተው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አዴ ተረፈች! ውሃ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ። መጥቶ ነበር። እናንተ ቤት እንቅልፍ ይወደዳል።»

ሬሐና ፕላስና ማይነሱን አየች። ሽቦውን ቀየረች። ስፒከሯን ወደ ሌላ ፒን አዞረች። ኮዱን እንደ አዲስ ጫነች። በብርጭቆ ውሃ ስትሞክራት ትጮሃለች፤ ውሃው እውነት ሲመጣ ዝም። ያገኘችው ብልሽት አንድ ብቻ ነው፤ ስፒከሯ ሥራ ፈትታ ስትቀመጥም እንደ ትንኝ ጥዝዝ ትላለች። የርካሽ ቻርጀር ነገር ነው ብላ አለፈችው።

አዴ ተረፈች ደግሞ ጥያቄ አበዙ።

«ውሃ መምጣቱን የምታውቀው ይቺ ናት?» አሉ፣ ስፒከሯን በጣታቸው ነካ አድርገው። «ገመዷስ ወዴት ነው የሚሄደው? ሰርጉ ላይ ስንት ሰው ይመጣል?»

ሐሙስ ጠዋት ቧንቧው ላይ የሻማ ጠብታ ተገኘ፤ ልክ ከሽቦዎቹ አጠገብ።

«አየሽልኝ?» አለ ዲኖ፣ ለቆርቆሮዋ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽቦሽን በሻማ ሊያቃጥሉት ነው።»

«ኧረ አባ፣ ሽቦው ደህና ነው።»

«ታዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ውሃ ምን ሊያረጉት ነው? እሁድ በጀሪካን ሊቸበችቡልን ነው እንጂ!»

ብስጭቱ የውሃ ብቻ አልነበረም። የሱቁ ፍሪጅም ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ውሃ እያንጠባጠበ ያለቅሳል፤ ለስላሳው ሁሉ ለብ ብሎ ይጠብቀዋል። «አንተም አርጅተሃል» አለና በእግሩ መታ አደረገው።

አርብ ሬሐና የቀራትን ሁሉ አደረገች። ጥሩ ቻርጀር ተዋሰች፣ ሬዚስተር ጨመረች፣ ሽቦዎቹን በፕላስተር ጠቀለለች። ጥዝዝታው ጠፋ። በብርጭቆ ስትሞክራት ጥርት አድርጋ ጮኸች። ያን ዕለት ግቢው ጭር አለ፤ ሬሐናም ልቧ አርፎ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሊገነጠል ደረሰ። አዴ ተረፈች ናቸው። ነጠላቸውን በወጉ አላጣፉም፤ በእጃቸው ባዶ ጀሪካን። ከኋላቸው ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። መንገዱ ላይ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ እየቀረበ ነው፤ ዲኖ ካርቶኑን አቅፎ ወጥቷል።

«ማነው ያበላሻት?» አሉ አዴ ተረፈች።

«ምኗን?» አለ ዲኖ።

«ያቺን ጥዝዝ የምትለዋን ነዋ! ለሩዋይዳ ሰርግ የማጠራቅመው ውሃ አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር የቀረው። ይኸው መጥቶ ሄደ፤ እኔም እንደናንተ ተኝቼ ቀረሁ።»

«አዴ ተረፈች፣ ጥዝዝታው እኮ ብልሽት ነበር» አለች ሬሐና። «ጠገንኩት።»

«ጠገንኩት ትለኛለች እንዴ! ውሃው ሁሌ መብራት ሲሄድ አይደል የሚመጣው? ያቺ ዕቃሽ ዝም ስትል አልነበር የምነሳው? ጥዝዝ ካላለች እንዴት ብላ ዝም ትላለች?»